የሰሜን ብርሃን ከጎንደር ሊታይ ይችላል? ደግሞስ ታይቶ ያውቃል?

የአንገረብ ልጅ
ጥቅምት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ጎንደር ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። በምድር ዋልታዎች አካባቢ ሌሊት ሰማይ ላይ ስለሚታየው ባለ ቀለም ብርሃን ይህን ጥያቄ ያነሣሁት በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ሰዎች ተመሳሳይ ነገር ስለጠየቁኝና ለሦስቱም የሰጠሁት መልስ ለራሴም ስላላጠገበኝ ነው።

የመጀመሪያዋ እናቴ ናት። ባለፈው ሳምንት ሐሙስ ለአርብ አጥቢያ፣ ሌሊት 10 ሰዓት ገደማ፣ አትላንታ የምትኖረው ታናሽ እህቴ ደውላ ቀሰቀሰችን። ከደጇ ቆማ ያነሣችው ፎቶ ከጥሪው ቀድሞ ደርሶ ነበር፤ ከጎረቤቶቿ ጣሪያ በላይ ሰማዩ ከታች ወደ ላይ በተዘረጉ ቀያይ ሰንበሮች ተሞልቷል። እናቴ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ብዙ ካየች በኋላ «እኛስ ያለነው በዚያው ሰማይ ሥር አይደለም እንዴ? ለእኛ የማይታየው ለምንድን ነው?» አለችኝ። ከዚያም ነጠላዋን ደርባ ወደ ግቢ ወጣችና ወደ ጎሃ ተራራ አቅጣጫ እያየች ቆመች። እኔም አብሬያት ቆምሁ። ከከዋክብትና ከመንገድ መብራቱ በቀር ያየነው ነገር የለም።

ሁለተኛው ተማሪዬ ነው። ባለፈው ግንቦት ብርሃኑ ሜክሲኮ ድረስ መታየቱን አንብቦ፣ «ሜክሲኮ ከደረሰ ከእኛ ኬክሮስ በጣም አይርቅም፤ ወደ ስሜን ተራሮች ብንወጣ አናየውም ነበር?» ሲል ጠየቀኝ። ሦስተኛው የሥራ ባልደረባዬ ሲሆን፣ ከፋሲል ግንብ በላይ አረንጓዴ ብርሃን እንደ መጋረጃ ተንጠልጥሎ የሚያሳይ ፎቶ ላከልኝና እውነት መሆኑን እንዳረጋግጥለት ጠየቀኝ።

ስለዚህ የምታውቁ ሰዎች እንድትረዱኝ እለምናለሁ። ከጎንደር ማየት የሚቻል ነገር ነውን? የሚቻል ከሆነስ ከዚህ በፊት ያየ ሰው ኖሮ ያውቃል?

ባለ ኮምፓስ
ጥቅምት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከምሽቱ 4፡15

መምህርት፣ ጥያቄው በደንብ ሊመረመር የሚገባው ነው። ለረጅም ዘመን ፊዚክስ ሳስተምር ኖሬ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ፤ የምድር መግነጢስ ነገር ከወጣትነቴ ጀምሮ ልቤን የያዘ ጉዳይ ስለሆነ ረዘም ብዬ ብጽፍ ይቅርታ ይደረግልኝ።

ፎቶውን አስቀድመን እንጨርሰው። ባልደረባዎ የላኩት ዓይነት ምስል ለእኔም ደርሶኛል፤ ሐሰት መሆኑን ለማወቅም የሰሜን ኮከብን መፈለግ ብቻ ይበቃል። የሰሜን ኮከብ ከአድማስ የሚነሣበት ከፍታ በዲግሪ ሲለካ ከቆምንበት ቦታ ኬክሮስ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። ጎንደር በ12.6 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ ኮከቡ ለእኛ ዝቅ ብሎ ነው የሚታየው፤ እጅዎን ዘርግተው ጭብጥዎን ከአድማሱ በላይ ቢያስቀምጡ ከጭብጥዎ ጥቂት ከፍ ብሎ ያገኙታል። በዚያ ፎቶ ላይ ግን ኮከቡ ከግንቡ ማማ በላይ ወደ መካከለኛው ሰማይ ተሰቅሎ ይታያል። ሰማዩ ከአውሮፓ ሰሜን ተቆርጦ እዚህ የተለጠፈ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ተማሪዎ በካርታ ኬክሮስ ማሰቡ ተፈጥሯዊ ነው፤ ነገር ግን ይህን ብርሃን የሚገዛው ከመግነጢስ ዋልታ ያለው ርቀት ነው። ከፀሐይ የሚወረወሩት ኤሌክትሪክ የተሸከሙ ቅንጣቶች የምድርን የመግነጢስ መስመሮች ተከትለው ይጓዛሉ፤ መስመሮቹ ወደ ምድር ዘልቀው የሚገቡት በሁለቱ ዋልታዎች አካባቢ ስለሆነ ብርሃኑም በዚያ ዙሪያ እንደ ቀለበት ይሠራል። ፀሐይ ስትቆጣ ቀለበቱ እየሰፋ ወደ ወገብ ይወርዳል። የሰሜኑ የመግነጢስ ዋልታ ደግሞ ወደ ካናዳ ያጋደለ ነው። አትላንታ እና ቤይሩት በካርታ ላይ ሁለቱም በ34 ዲግሪ አካባቢ ይገኛሉ፤ ከመግነጢስ ወገብ በሚለካው በመግነጢስ ኬክሮስ ግን አትላንታ ወደ 43፣ ቤይሩት ወደ 31 ይሆናሉ። እህትዎ ያየችውን ቤይሩት ያሉ እህቶቻችን ያላዩት በዚህ የ12 ዲግሪ ልዩነት ነው።

ጎንደር ደግሞ በዚህ ስሌት 9 ዲግሪ ብቻ ናት። የመግነጢስ ወገብ በራሷ በኢትዮጵያ ምድር ላይ ያልፋል። ወደ ላይና ወደ ታች ማዘንበል የሚችል የኮምፓስ መርፌ በካናዳ ሰሜን ቀጥ ብሎ ወደ መሬት ሲወጋ፣ እዚህ ግን ተጋድሞ ይቀራል። መስመሮቹ በላያችን አግድም ስለሚያልፉ ቅንጣቶቹ ወደ እኛ የሚወርዱበት መንገድ የለም። ስለዚህ ከዓለም ከተሞች ሁሉ ይህን ብርሃን ለማየት አስቸጋሪ ከሆኑት መካከል ነን።

ከወገራ
ጥቅምት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 1፡20

መምህር፣ በማብራሪያዎ ተደስቻለሁ፤ ሆኖም ያየሁትን ሳልናገር ማለፍ አልቻልሁም። ባለፈው ግንቦት መጀመሪያ፣ በፋሲካ ሳምንት፣ ከዳባት ወጣ ብሎ ባለው የዘመዶቼ ቤት ነበርሁ። ከእራት በኋላ ስንወጣ በሰሜን በኩል ከኮረብታው ጀርባ ሰማዩ ቀልቶ ነበር። ያ ቅላት ከአንድ ሰዓት በላይ ቆየ። ቀኑ ዓለም ሁሉ ስለ ብርሃኑ ያወራበት አርብ ይሁን ወይም ቀደም ብሎ ይሁን አሁን እርግጠኛ ሆኜ መናገር አልችልም። ያየሁት ምን ሊሆን ይችላል?

ባለ ኮምፓስ
ጥቅምት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከረፋዱ 4፡05

ወንድሜ፣ ያዩትን በትክክል መናገርዎ ለሁላችንም ይጠቅማል። የግንቦቱ የፀሐይ ማዕበል ምድርን የመታው ግንቦት 2 ቀን 2016 ዓ.ም. አርብ፣ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ሲሆን እስከ ንጋት እየበረታ ሄደ። ጨረቃዋ ገና የተወለደች ቀጭን ስለነበረች ቶሎ ገባች፤ ሌሊቱ ጨለማ ነበር። ከ1996 ዓ.ም. ጥቅምት ወዲህ አምስተኛውን፣ ማለትም የመጨረሻውን ደረጃ የነካ የመጀመሪያው የመግነጢስ ማዕበል እርሱ ነው። የምድርን ስፋት 15 እጥፍ ከሚያህል የፀሐይ ጉድፍ አካባቢ ቢያንስ አምስት ግዙፍ የፕላዝማ (ኤሌክትሪክ የተሸከመ ጋዝ) ደመናዎች ተከታትለው ተወረወሩ፤ የኋላኞቹ የፊተኞቹን እየደረሱባቸው ተደራርበው መጡ። በዚያ ሌሊት በካናሪ ደሴቶችና በሕንድ ላዳክ ተራሮች ላይ ቀይ ብርሃን በካሜራ ተይዟል፤ በደቡብ አፍሪካ ደግሞ የደቡቡ ዋልታ ብርሃን ታይቷል።

እርስዎ ያዩት ግን የእሳት ነጸብራቅ ይመስለኛል። ግንቦት ገበሬው ለክረምት እርሻ መሬቱን የሚያጸዳበትና ቁጥቋጦ የሚያቃጥልበት ወር ነው። መለያውን ልንገርዎ፤ የእሳት ነጸብራቅ ከአድማሱ ጋር ተጣብቆ በአንድ ቦታ ይቆያል፣ ብርቱካንማ ነው፣ ጭሱም ከዋክብቱን ይጋርዳል። የዋልታ ብርሃን ግን የሚያበራው ከደመናና ከጭስ እጅግ በላይ ስለሆነ ከዋክብት በውስጡ እንደ ልብ ይታያሉ፤ ቅላቱም ወደ ደም ቀለም ያደላል፣ ደግሞም ዝግ ብሎ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይሄዳል። ከዋክብቱን በቅላቱ ውስጥ አይተዋቸው እንደሆነ ያስታውሳሉ?

ከወገራ
ጥቅምት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 7፡30

አላየኋቸውም። ጠዋት ስንነሣ የጭስ ሽታ እንደነበረም አሁን ትዝ አለኝ። እሳት ነበር ማለት ነው፤ አመሰግናለሁ።

ታናሽ እህቷ
ጥቅምት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከምሽቱ 3፡50

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ከላይ የተጠቀሰችው የአትላንታዋ እህት እኔ ነኝ። ፎቶዬ ብዙ ሰው ዘንድ ስለደረሰ ስለ እርሱ ያለኝን ሐቅ መናገር አለብኝ።

እኔ በዓይኔ ያየሁት በፎቶው ላይ የሚታየውን አይደለም። ከሥራ ተመልሼ መኪናዬን ሳቆም ጎረቤቴ እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ አገኘኋት። ቀና ስል በመጀመሪያ ያየሁት ስስ ደመና የመሰለ፣ ግራጫና ጥቂት ሮዝነት ያለው ነገር ነው። የመንገድ መብራቱን ወደ ኋላዬ አድርጌ ከቤቱ ጥግ ጥላ ውስጥ አሥር ደቂቃ ያህል ስቆም ሰንበሮቹ ጎልተው መታየት ጀመሩ። ስልኩን በሌሊት ማንሻው አስተካክዬ ለሦስት ሰከንድ ሳላንቀሳቅስ ስይዘው ግን ያ ግራጫ ነገር በማያ ገጹ ላይ እንደ ደም ቀይ ሆኖ ወጣ። ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁ፤ ግራጫ ነው። ወደ ስልኩ ስመለስ ቀይ ነው። እውነቱ የቱ እንደሆነ ግራ ገባኝ። ግንቦት ላይ በዚህ ከተማ ሲታይ ተኝቼ ስላመለጠኝ አምስት ወር ሙሉ ሲቆጨኝ ነበርና፣ ባየሁት ጊዜ መጀመሪያ የመጣልኝ እናታችንን መቀስቀስ ነው።

እህቴ፣ ለእማዬ ይህንን ንገሪያት፤ እዚህም ቢሆን ፈልጎ ያላየው ሰው ካየው ይበዛል። ከጎረቤቶቼ ብዙዎቹ በማግስቱ ነው የሰሙት።

ባለ ኮምፓስ
ጥቅምት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከምሽቱ 5፡10

እህታችን የጻፈችው ከብዙ ማብራሪያ ይበልጣል። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ዓይናችን በጨለማ ውስጥ በጣም የሚደክመው ለቀይ ብርሃን ነው፣ ካሜራው ደግሞ የሦስት ሰከንዱን ብርሃን አጠራቅሞ ያሳያል።

ከሩቅ የሚታየው ለምን ቀይ ብቻ እንደሚሆንም በዚሁ ላክልበት፤ የተማሪዎ ጥያቄ መልስ ያለው እዚህ ላይ ነው። አረንጓዴውም ቀዩም የሚወጡት ከኦክስጅን አቶም ነው። አቶሙ በቅንጣት ተመትቶ ከተነሣሣ በኋላ አረንጓዴውን ለመስጠት አንድ ሰከንድ እንኳን አይፈጅበትም፤ ቀዩን ለመስጠት ግን ሁለት ደቂቃ ያህል ሳይነካ መቆየት አለበት። ታች፣ በ100 ኪሎ ሜትር አካባቢ፣ አየሩ በአንጻራዊ ሁኔታ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ አቶሙ ያን ያህል ሳይቆይ ከሌላው ጋር ይጋጭና ጉልበቱን ይቀማል። ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ግን የሚነካው የለምና ቀዩን ይሰጣል። ስለዚህ መጋረጃው ከታች አረንጓዴ፣ ከላይ ቀይ ነው። ሩቅ ደቡብ የቆመ ሰው የምድር ክበት ታችኛውን ስለሚሸፍንበት የሚያየው ራስጌውን ብቻ ነው።

ቁጥሩን እንሥራው። በ400 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ብርሃን አድማስ ላይ ሆኖ የሚታየው እስከ 2,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት፣ ማለትም እስከ 20 ዲግሪ ድረስ ነው። ከጎንደር 20 ዲግሪ ወደ ሰሜን ስንሄድ የቤይሩትና የደማስቆ ሰማይ ጋ እንደርሳለን። እዚያ ሰማይ ላይ ቀዩ ብርሃን ቢቆም ለእኛ አድማሱን እንደ ክር ብቻ ይነካል፤ አቧራውም ኮረብታውም ይውጠዋል። ከአድማሱ ብድግ ብሎ እንዲታየን ቀለበቱ እስከ ግብፅ ድረስ መውረድ ይኖርበታል። ወደ ስሜን ተራሮች መውጣት የከተማ ብርሃንንና አቧራን ስለሚያርቅ ይረዳል፤ ይሁን እንጂ አራት ሺህ ሜትር መውጣት ከዚህ ርቀት አንጻር እምብዛም አይለውጥም።

የቅየሳ ባለሙያ
ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 6፡15

የተከበሩ መምህር የመግነጢስ ወገብ በላያችን ያልፋል ሲሉ አንድ ለብዙ ዓመት ያስቸገረኝ ነገር ተገለጠልኝ። በመሬት ቅየሳ ሥራ ላይ የተሰማራሁ ነኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በመጋቢት ወር አዘዞ አካባቢ አንድ የጂፒኤስ መቀበያ በችካል ላይ ተክለን ሌሊቱን ሙሉ እንዲመዘግብ ተውነው። ቀን ላይ በሴንቲ ሜትር የሚለካው መሣሪያ ከምሽቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ከሳተላይቶቹ እየተቆራረጠ አገኘነው፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፣ ዛፍም ሕንፃም አልጋረደውም። መሣሪያው ተበላሽቷል ብለን ወደ መጣበት መለስነው። ያ ነገር ከዚህ ጋር ይገናኝ ይሆን?

ባለ ኮምፓስ
ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከምሽቱ 1፡00

በትክክል ይገናኛል፤ መሣሪያውም ጤነኛ ነበር ብዬ አምናለሁ። ፀሐይ ከገባች በኋላ በመግነጢስ ወገብ ላይ ባለው አዮኖስፌር (ኤሌክትሪክ በተሸከመው የላይኛው የከባቢ አየር ክፍል) ውስጥ የሳሳ ፕላዝማ እንደ አረፋ ከታች ወደ ላይ ይወጣል፤ የሳተላይቱም ምልክት በእነዚህ አረፋዎች ውስጥ ሲያልፍ ይንቀጠቀጣል። ይህ የሚበረታው ቀንና ሌሊት በሚስተካከሉባቸው በመጋቢትና በመስከረም አካባቢ ነው። ቀን ላይ ደግሞ በ105 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚፈስ ብርቱ የኤሌክትሪክ ጅረት በላያችን ያልፋል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ታዛቢ ጣቢያ በ1950 ዓ.ም. አካባቢ በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ሲመሠረት አንዱ ዋና ምክንያት ይኸው የቦታው ልዩነት ነው። ብርሃኑ ባይደርሰንም የፀሐይ ማዕበል ይደርሰናል፤ በግንቦቱ ሌሊት አሜሪካ ውስጥ በጂፒኤስ የሚመሩ የእርሻ ትራክተሮች በዘር ወቅት መስመራቸውን ስተው ቆመዋል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 13 ቀን 1989 ደግሞ የካናዳዋ ኩቤክ ግዛት መብራት ለዘጠኝ ሰዓት ተቋርጦ ስድስት ሚሊዮን ሰው በጨለማ ቆይቷል።

መምህርት የጠየቁትን ሁለተኛውን ጥያቄ እስካሁን አልነካሁትም፤ እርሱን ዛሬ ላንሣው። ከሁሉም በላይ እኔን የሚያብሰለስለኝ እርሱ ነው።

ሰው ሁሉ የሚጠቅሰው እ.ኤ.አ. የ1859ኙን ነው፤ እንግሊዛዊው ሪቻርድ ካሪንግተን ፀሐይ ላይ ድንገት የፈነጠቀውን ነጭ ብርሃን መስከረም 1 ቀን አየ፣ ከ18 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ማዕበሉ ምድር ደረሰ፣ ብርሃኑም እስከ ኩባና ሐዋይ ታየ። በእኛ ነሐሴ 27 ቀን 1851 ዓ.ም. ነው፤ የዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን፣ የክረምቱ መጨረሻ። የጎንደርን የነሐሴ ሰማይ የሚያውቅ ሰው በዚያ ሌሊት ከዚህ የሚታይ ነገር እንዳልነበረ ይገምታል።

ለእኛ የሚቀርበው ግን ሌላው ነው። እ.ኤ.አ. የካቲት 4 ቀን 1872 በሆነው ማዕበል ቀዩ ብርሃን በኤደን፣ በቦምቤይ እና በካርቱም ታይቷል። በካርቱም! ከጎንደር 600 ኪሎ ሜትር ብቻ በምትርቀውና ከእኛ በኬክሮስ ሦስት ዲግሪ ብቻ ከፍ በምትለው ከተማ። በቦምቤይ ከእሑድ ጀንበር መግቢያ አንሥቶ እስከ ሰኞ ንጋት እንደታየ የከተማው ጋዜጣ በዚያው ሳምንት ጽፏል። ትናንት ሌሊት የዚያን ዘመን የመግነጢስ ዋልታ ቦታ ይዤ ስሌቱን ሠራሁት። ካርቱም ከ13 እስከ 14 ዲግሪ ሆነች። ቦምቤይ ወደ 10 ዲግሪ። ጎንደርም ወደ 10 ዲግሪ። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ ደግሜ አየሁት። በካርታ ቦምቤይ ከጎንደር በ6 ዲግሪ ወደ ሰሜን ትርቃለች፤ በመግነጢስ ግን ሁለቱ በአንድ እርከን ላይ ናቸው።

የአንገረብ ልጅ
ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከምሽቱ 2፡25

መምህር፣ ይህን ሳነብ ሰውነቴን ወረረኝ። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር መቼ ነው? የካቲት መጀመሪያ ከሆነ በጋ ነው፤ ሰማዩም ጥርት ያለበት ወቅት ነው።

ዘቁስቋም
ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከምሽቱ 4፡40

ሰላመ እግዚአብሔር ከሁላችሁ ጋር ይሁን። በአብነት ትምህርት ያደግሁ ዲያቆን ነኝ፤ ውይይታችሁን ከመጀመሪያው ጀምሮ ስከታተል ቆይቼ አሁን የማበረክተው ነገር አገኘሁ።

ቀኑ እሑድ ጥር 27 ቀን 1864 ዓ.ም. ነው። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በአክሱም የነገሡት ጥር 13 ቀን 1864 ዓ.ም. እሑድ ስለነበረ፣ ይህ ሌሊት ከንግሥ በዓሉ ልክ በሁለተኛው ሳምንት የዋለ ነው። ጨረቃዋም ለመጥፋት አራት አምስት ቀን የቀራት ስለነበረች የምትወጣው ከሌሊቱ መገባደጃ ላይ ነው፤ የምሽቱ ሰማይ ጨለማ ነበር ማለት ነው።

ታዲያ ያየ ሰው ቢኖር የት ይጽፈዋል? አባቶቻችን ለእንዲህ ያለው ነገር የተለየ መዝገብ አልነበራቸውም። በብራና መጽሐፍ ዳርቻ፣ ወይም በመጀመሪያውና በመጨረሻው ባዶ ቅጠል ላይ ይጽፉ ነበር፤ የርስት ሽያጭ፣ የአንበጣ መምጣት፣ የአለቃ ሞት፣ የወረርሽኝ ዘመን እዚያ ነው የሚገኘው። እኔ ራሴ ከአንድ ገድል መጨረሻ ላይ ስለ በረዶ መውረድ የተጻፈ ሁለት መስመር አንብቤአለሁ፤ ጽሕፈቱ ከመጽሐፉ ጽሕፈት የተለየና የተቻኮለ ነው፤ ቀለሙም ደብዝዞ ወደ ቡናማነት ሄዷል።

የሚያሳዝነው የጎንደር መጻሕፍት ዕጣ ነው። በ1859 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ከተማዋን ሲያስዘርፉ አብያተ ክርስቲያናቱ ተቃጥለው ብዙ መጻሕፍት ወደ መቅደላ ተወሰዱ። ስለዚህ በ1864 ዓ.ም. እዚህ የቀሩት ጥቂቶች ነበሩ። ያን ጊዜ የተጻፈ ማስታወሻ ቢኖር እንኳ በ1880 ዓ.ም. ጥር ደርቡሾች ከተማዋን ባቃጠሉ ጊዜ ዳግመኛ አደጋ ላይ ወድቋል። ሁለት እሳት ያለፈበትን ነገር ነው የምንፈልገው።

የታሪክ ተማሪ
ጥቅምት 7 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡00

የሁላችሁንም ድካም አከብራለሁ። በዚህ ነገር ተስፋችን ከማስረጃው እንዳይቀድም ግን ሁለት ነገር ልበል። አንደኛ፣ ቦምቤይ ላይ ታየ የሚለው በጋዜጣ ዘገባ ላይ የቆመ ነው፤ ጎንደርና ቦምቤይ በመግነጢስ እኩል መሆናቸው ጎንደር ላይ መታየቱን አያረጋግጥም። ሁለተኛ፣ ማስታወሻ ቢገኝ እንኳ «ሰማይ ቀላ» የሚል ቃል ብቻውን አይበቃንም፤ የወገራው ወንድማችን እንዳሳየን እሳትም ሰማይን ያቀላል፣ የበጋ አቧራም የጀንበር መግቢያን ያቀላል። አያቴ ጅራታም ኮከብ የንጉሥ ሞት ምልክት ነው ትል ነበር፤ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ከትልቅ ክስተት ጋር እያያዘ ወደ ኋላ ሄዶ ቀኑን ሊያዛውረው ይችላል። ስለዚህ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ አቅጣጫው ሦስቱም የተጻፉበት መሆን አለበት።

ባለ ኮምፓስ
ጥቅምት 7 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 8፡10

ወንድሜ ትክክል ነዎት፤ እኔም በጽሑፌ ጉጉቴ ሳያሸንፈኝ አልቀረም። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ማዕበል በሰዓታት ውስጥ ይበረታል፣ ይደክማልም፤ ስለዚህ የአንዱ ከተማ ምሽት ከሌላው ጋር ላይገጥም ይችላል። ቦምቤይ ከእኛ ከሁለት ሰዓት በላይ ቀድማ ይመሽባታል። ካርቱም ግን ከጎንደር በሃያ ደቂቃ ብቻ ዘግይታ ነው የሚመሽባት። ካርቱም ያሉት ሲያዩት ጎንደርም ጨለማ ነበረች። ዕድሉ ዜሮ አይደለም የምለው በዚህ ነው፤ ታይቷል ግን አልልም።

ዘቁስቋም
ጥቅምት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከምሽቱ 3፡30

በዚህ ሳምንት ውስጥ በአንድ ደብር ዕቃ ቤት ያሉ ሦስት መጻሕፍትን አለቃው ፈቅደውልኝ፣ ካህኑ አጠገቤ ቆመው፣ ቅጠል በቅጠል አየሁ። ከእነርሱ ሁለቱ ከ1864 ዓ.ም. በፊት የተጻፉ ናቸው። በአንደኛው ዳርቻ የመሬት ስጦታ፣ በሌላው የልጅ ክርስትና ቀን አለ። የሰማይ ነገር የለም። ሦስተኛው ላይ ግን አንድ ግማሽ መስመር አግኝቼ ልቤ ዘለለ፤ «ቀይሕ» የሚለው ቃል ይነበባል። ለካህኑ አሳየኋቸውና በባትሪ መብራት ጎን ለጎን ሆነን ስናነበው ስለ ቀይ ሐር መጎናጸፊያ የተጻፈ የዕቃ ዝርዝር ሆኖ ተገኘ።

ሌሎች የአብነት ተማሪዎችም እንዲፈልጉ የሚያስፈልገውን ልጻፍ። ዓመቱ «1864» ተብሎ ላይጻፍ ይችላል፤ በዓመተ ዓለም 7364 ነው፣ ብዙ ጊዜም «በዘመነ ዮሐንስ» ብቻ ተብሎ ይታለፋል። ቀኑ ጥር ፳፯ መድኃኔ ዓለም ነው፤ ሆኖም ከጀንበር መግቢያ በኋላ የሆነውን በማግሥቱ ቀን የሚቆጥር ጸሐፊ ጥር ፳፰ ዐማኑኤል ብሎ ሊጽፈው ስለሚችል ሁለቱንም ፈልጉ። «እሳት»፣ «ደም»፣ «ደመና» የሚሉትን ቃላት አትለፏቸው። ከሁሉም በላይ አቅጣጫው ላይ ተጠንቀቁ፤ በግዕዝ መጻሕፍት «ሰሜን» እና «ደቡብ» ዛሬ ከምንረዳው በተገላቢጦሽ የሚነበቡበት ስፍራ አለና፣ «በደቡብ በኩል» የሚል ብታገኙ አይደለም ብላችሁ አትተዉት።

የአንገረብ ልጅ
ጥቅምት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከምሽቱ 5፡05

ዲያቆን፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጻፉትን ለእናቴ አነበብሁላት። ቀይ ሐር መሆኑን ስነግራት ዝም አለች፤ ቆየት ብላ ግን «እሳት ያልደረሰባቸው የጣና ደሴቶች ናቸው፤ እዚያ ማን ይሄዳል?» ብላ ጠየቀችኝ።

ዘቁስቋም
ጥቅምት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 12፡40

እውነት አሉ እናትዎ። ሴቶች የማይገቡባቸው ደሴቶች ስላሉ እርስዎን አስከትዬ መሄድ አልችልም፤ እኔ ግን ለጥምቀት በጎርጎራ በኩል በጀልባ እሻገራለሁ። አበምኔቱ ከፈቀዱ የመጨረሻ ቅጠሎቹን ብቻ ለማየት እለምናለሁ። ጥር 27ም እዚያው ያገኘኛል።